ከጉበት ትል አዲስ ኢንዛይም ለመፈለግ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄው ሁሌም ያው ነው። ማስተርሱን የጀመረ ልጅ ጣና ዳር ቡና ይጋብዘኝና ስኒው ሳይቀዘቅዝ "ሲኮንስ ላስደርግ ወይስ ፒሲአር ይበቃኛል?" ይለኛል። ሲኮንስ የጂኑን ፊደላት ማስነበብ ነው፤ ፒሲአር ደግሞ የመረጡትን የዲኤንኤ ቁራጭ ብቻ ማባዛት። እኔም መልሼ "ትሉን ከየት ነው የምታመጣው? በስንት ሰዓት በረዶ ውስጥ ይገባል?" እለዋለሁ። ቅር ይለዋል። ስለ ጂኖም ሊያወራ መጥቶ ስለ በረዶ ሲጠየቅ ማን ደስ ይለዋል!

ይህን የምጽፈው ለዚያ ልጅ ነው። ጥገኛ ትሎች ውስጥ ገና ያልታወቀ ጂን ወይም ኢንዛይም ለመፈለግ በዋናነት አምስት መንገድ አለ። አምስቱም ይሰራሉ፣ አምስቱም ያበሳጫሉ። እኔ የማወዳድረው ባህር ዳር ተቀምጦ ለሚሰራ ሰው ነው። የማንንም ኪት አላሞግስም።

መለኪያዎቹ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንስማማ። ጂን ማግኘትና ኢንዛይም ማግኘት አንድ አይደለም። ኮምፒውተሩ "ፕሮቲኤዝ ይመስላል" ያለው ሁሉ ፕሮቲን አይቆርጥም። የቆረጠም እንደሆነ እኛ ያሰብነውን ላይሆን ይችላል። የቢልሃርዚያው ትል፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ፣ ኤስኤም32 የሚባል ፕሮቲን አለው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደም ሂሞግሎቢንን የሚፈጨው እሱ ነው ተብሎ "ሂሞግሎቢኔዝ" የሚል ስም ወጣለት። ኋላ ሲጠና የሌጉሜን ቤተሰብ ሆኖ ተገኘ። አስፓራጂን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ቀጥሎ ብቻ የሚቆርጥ ነው፤ ዋና ስራውም ደም መፍጨት ሳይሆን ሌሎቹን ኢንዛይሞች ማስነሳት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስሙ ግን በድሮ ወረቀቶች ላይ እስካሁን አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው መለኪያዬ ይህ ነው፦ መንገዱ ስለ ጂኑ ብቻ ይነግረኛል ወይስ ስለ ስራውም?

ሁለተኛው ናሙና ነው። አርኤንኤ ባለጌ ነገር ነው፤ በእጃችን ላብ ያለው ኢንዛይም ብቻውን ይበላዋል። ዲኤንኤ ይታገሳል። ፕሮቲን መሀል ላይ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ፣ በተለይ የውጭ ምንዛሪ። ሪኤጀንት፣ ማለትም የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ የሚገዛው በዶላር ነው። ብር ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ፕሮፖዛል በጀት ገልብጦ ማስገባት ራስን ማታለል ነው። ለዚህ ነው እዚህ ላይ በብር ዋጋ የማልጽፈው፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ እያልኩ እሄዳለሁ።

አራተኛው መብራትና ኢንተርኔት። አምስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ያገኛችሁት ጂን የትሉ ነው ወይስ ትሉ የወጣበት በሬ?

የትኛውን ትል?

ባጭሩ፣ የጉበት ትል። ቢልሃርዚያ ጣና ዙሪያ የታወቀ በሽታ ነው፤ ሰው ሁሉ እሱን ማጥናት ያምረዋል። ግን አዋቂው ትል የሚኖረው የሰው ደም ስር ውስጥ ነው፤ ከታማሚ ወስዳችሁ አታጠኑትም። አይጥ ማርባት፣ ቀንድ አውጣ ማርባት፣ ፈቃድ፣ በዚያ ላይ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ በቆዳ ሰርስሮ ይገባል። የጉበት ትል ግን ቄራ ውስጥ በነጻ ይጣላል። በአካባቢያችን ሁለቱም ዝርያ ሊያጋጥም ይችላል፤ ፋሲዮላ ሄፓቲካ ደጋውን፣ ረዘም የሚለው ፋሲዮላ ጊጋንቲካ ደግሞ ሞቃቱንና ረግረጉን ይወዳል። ከፎገራ ሜዳ የመጣ ከብትና ከደጋ የመጣ ከብት አንድ ማረጃ ላይ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ዝርያውን በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ በዲኤንኤ አረጋግጡ።

በግ የሚያርዱ ደግሞ ከጨጓራው የሚገኘውን ሄሞንከስ የሚባል ድቡልቡል ትል ያስቡበት። እሱም በነጻ ነው።

አንደኛ፦ ኮምፒውተር ላይ መቆፈር

ዎርምቤዝ ፓራሳይት የሚባል ነጻ የመረጃ ቋት አለ። የጥገኛ ትሎች ጂኖም እዚያ ተከማችቷል። የሺስቶሶማ ማንሶኒ ጂኖም በ2009 (እ.ኤ.አ.) ታተመ፤ ወደ 363 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል። የፋሲዮላ ሄፓቲካ በ2015 ተከተለ፤ ያኛው 1.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። የምትፈልጉትን የኢንዛይም ቤተሰብ ከሌላ እንስሳ ወስዳችሁ ተመሳሳዩን በሚፈልገው ብላስት በሚባል ፕሮግራም ትፈልጋላችሁ። ቀጥሎ ሜሮፕስ በሚባለው ቋት ላይ የፕሮቲኤዝ፣ ማለትም የፕሮቲን ቆራጭ፣ ቤተሰቡን ታያላችሁ። ከሴሉ ወደ ውጭ የሚወጣ መሆኑን ሲግናልፒ የሚባል ፕሮግራም ይገምትላችኋል። አልፋፎልድ ደግሞ ቅርጹን ያሳያችኋል፤ ለምሳሌ ሲስቲን ፕሮቲኤዝ ከሆነ፣ እዚያ ላይ የሚቆርጠው አሚኖ አሲድ ሲስቲንና አጠገቡ ያለው ሂስቲዲን በቦታቸው መኖራቸውን ተመልከቱ። አንዳንዴ ሲስቲኑ በሌላ ተተክቶ ይገኛል፤ መልኩ ኢንዛይም፣ ስራው የለም።

ላፕቶፕና ዋይፋይ ካለ ነገውኑ ይጀመራል። ድክመቱ ግን ትልቅ ነው። የምታገኙት ከሚታወቅ ነገር ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ ነው። ዝርዝሩ ራሱም ግምት ነው፤ የሺስቶሶማው የጂን ቁጥር በ2009 11,809 ተብሎ፣ በ2012 ጂኖሙ ሲስተካከል ወደ 10,852 ወርዷል። ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ "ጂን" በሦስት ዓመት ውስጥ ከዝርዝሩ ተነነ ማለት ነው። በዚህ ብቻ ቴሲስ ሰርቶ "አዲስ ኢንዛይም አገኘሁ" የሚል ሰው ካያችሁ ቡናውን እሱ ይክፈል።

ሁለተኛ፦ በዲጀነሬት ፕራይመር ፒሲአር

የድሮ ሰዎች መንገድ ነው፤ እኔ አሁንም እወደዋለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። የአንድ ቤተሰብ ኢንዛይሞች የማይቀይሩት ቦታ አላቸው፤ እዚያ የሚያርፍ ፕራይመር፣ ማለትም ፒሲአሩን የሚያስጀምር አጭር ዲኤንኤ፣ ይነደፋል። ዲጀነሬት የሚባለው ሊኖሩ የሚችሉትን አጻጻፎች ሁሉ ስለሚቀላቅል ነው። ካቴፕሲን በሚባሉት ፕሮቲን ቆራጮች ውስጥ የሚቆርጠው ሲስቲን ያለበት ቦታ ሲስቲን፣ ግላይሲን፣ ሴሪን፣ ሲስቲን፣ ትሪፕቶፋን ተብሎ ይነበባል። ሌላው ጫፍ ላይ ደግሞ አስፓራጂን፣ ሴሪን፣ ትሪፕቶፋን፣ ግላይሲን አለ። በሁለቱ መሀል 500 ገደማ ፊደል ይወጣል።

ፕራይመሩን ስትነድፉ ሒሳቡን በጣታችሁ ስሩ። በዲኤንኤ ፊደል ሲስቲን በ2 ዓይነት ይጻፋል፣ ግላይሲን በ4፣ ሴሪን በ6፣ ሲስቲን እንደገና በ2፣ ትሪፕቶፋን በ1። 2 በ4፣ በ6፣ በ2፣ በ1 ሲባዛ 96። አንድ ቱቦ ውስጥ 96 ዓይነት ፕራይመር አለ ማለት ነው። ይሄ ይቻላል። ሴሪን፣ ሉሲንና አርጂኒን የበዙበትን ቦታ ከመረጣችሁ ግን ቁጥሩ ሺዎች ውስጥ ይገባና ፒሲአሩ ጭጋግ ይሆናል። ጫፉ ትሪፕቶፋን ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፤ አንድ አጻጻፍ ብቻ ስላለው በደንብ ይይዛል።

አሁን ስለ በሬው። የመጀመሪያዬን ባንድ፣ ማለትም ጄል ላይ የሚታየውን የዲኤንኤ መስመር፣ ያየሁ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ጨፈርኩ ማለት ይቀላል። 500 አካባቢ፣ ጥርት ያለ። አስነበብኩት። ብላስት ሲመልስ የላም ካቴፕሲን! ትሉ ከከብቱ ቲሹና ደም ነው የሚበላው፤ አንጀቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አብሬ ፈጭቼ ነበር። የላምም ካቴፕሲን እኮ ያው ቦታ አለው። መፍትሔው ትሎቹን በሞቀ ጨው ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያ 37 ዲግሪ ላይ አቆይቶ የበሉትን እንዲተፉ ማድረግ፣ በመጨረሻም አንድ ባንድ ብቻ ሳይሆን ክሎን አድርጎ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ባክቴሪያ ውስጥ አባዝቶ፣ ብዙ ቅጂ ማንበብ ነው። ፋሲዮላ የካቴፕሲን ኤል ብዙ ወንድማማቾች ስላሉት ክሎን ሳታደርጉ በቀጥታ ብታስነብቡ የተደራረበ ጫጫታ ነው የሚወጣችሁ።

ሳንገር የሚባለው የማስነበቢያ ዘዴ በአንድ ጊዜ ከ700 እስከ 900 ፊደል ያነባል። የጂኑን ሁለት ጫፍ ለማግኘት ሬስ የሚባለውን ተጨማሪ ስራ ትሰራላችሁ። ሄሞንከስ የያዘ ሰው እዚህ ላይ እድለኛ ነው፦ የድቡልቡል ትሎች ብዙ መልእክት አርኤንኤ መነሻው ላይ ኤስኤል1 የምትባል 22 ፊደል ትለጠፍበታለች፤ እሷን ራሷን ፕራይመር አድርጎ መነሻውን መያዝ ይቻላል።

ሦስተኛ፦ አርኤንኤውን በሙሉ ማስነበብ

ሁሉም የሚመኘው ይሄን ነው። ትክክልም ናቸው፤ አዲስ ነገር የማግኘት አቅሙ ከሁሉም ይበልጣል፣ ለማንም ዘመድ የማይመስል ጂን እንኳ አያመልጠውም። አጭር ንባብ አለ፣ ረጅም ንባብ አለ። አጭሩ ብዙና ጥርት ያለ ነው፤ ግን ቁርጥራጩን በኮምፒውተር መገጣጠም ያስፈልጋል። ትሪኒቲ የሚባለው ገጣጣሚ ለ1 ሚሊዮን ጥንድ ንባብ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ገደማ ይፈልጋል፤ 30 ሚሊዮን ጥንድ ካላችሁ ላፕቶፓችሁን እርሱት፤ ጋላክሲ የሚባለውን ነጻ ሰርቨር ተጠቀሙ። ረጅሙ፣ ናኖፖር፣ ጂኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ያነባል። እንደ ፋሲዮላ ወንድማማች ጂኖች ለበዙበት ትል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መሳሪያው ኪስ ይገባል፣ ከላፕቶፕ ላይ ይሰራል። ችግሩ ፍሎው ሴሉ፣ ንባቡ የሚካሄድበት ተተኪ ክፍሉ፣ ነው፦ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ዕድሜው አጭር ነው፣ ጉምሩክ ላይ ሲቆይ እሱም አብሮ ያረጃል።

የዚህ መንገድ ገዳይ ግን ሌላ ነው። አንድ ጊዜ የአርባ ትል አርኤንኤ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ ቅዳሜና እሁድ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ነበር፤ ነዳጅ አልነበረውም። ሰኞ ጄል ላይ ሳየው ባንድ የለ፣ ምን የለ፣ ከላይ እስከ ታች የተቀባ ጥላሸት። ከዚያ ወዲህ በፍሪዘር አላምንም። ትሉ ከሐሞት ቱቦው እንደወጣ፣ እዚያው ቄራው በር ላይ፣ ከግማሽ ሴንቲሜትር በታች አድርጌ እቆርጠውና አርኤንኤ የሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ እከተዋለሁ። ፈሳሹ ቲሹውን 25 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሳምንት፣ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ወር ይይዘዋል። ለባህር ዳር ሙቀት ይበቃል። ሌላው ዘዴ ከብት የሚያዳቅሉትን ባለሙያዎች መወዳጀት ነው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያላቸው እነሱ ናቸው።

ሁለት ማሳሰቢያ። የጠፍጣፋ ትሎች አርኤንኤ ጥራት ሲለካ ቁጥሩ ወርዶ ቢወጣ ወዲያው አትደንግጡ፤ የሺስቶሶማንና የብዙ ዘመዶቹን 28ኤስ ራይቦሶማል አርኤንኤ ሲያሞቁት ለሁለት ይከፈላል፣ መለኪያው ደግሞ የተበላሸ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ ናሙና ውጭ አገር ልትልኩ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የጄኔቲክ ሀብት ከአገር የሚወጣው በኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ነው። ማመልከቻውን ትሉን ከመልቀማችሁ በፊት ጀምሩት። በሻንጣ ይዤ እሄዳለሁ የሚለውን ወሬ ተዉት።

አራተኛ፦ ፕሮቲኑን መዝኖ ማወቅ

ትሎቹን አጥባችሁ ንጹህ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ 37 ዲግሪ ላይ ለጥቂት ሰዓት ታስቀምጣላችሁ። የሚተፉትንና የሚያመነጩትን ሰብስባችሁ ጄል ላይ ትለያላችሁ፣ ባንዱን ቆርጣችሁ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ የፕሮቲን ቁርጥራጭ የሚመዝን ማሽን፣ ላለው ላቦራቶሪ ትልካላችሁ። ደረቅ ወሬ ሳይሆን በእርግጥ የተሰራ ፕሮቲን ነው የምታዩት፤ የጉበት ትል ከሚያመነጨው አብዛኛው ካቴፕሲን ኤል መሆኑም በዚህ መንገድ ጥርት ብሎ ታይቷል። የተቆረጠ ባንድ ከአርኤንኤ ይልቅ መንገድ ይችላል። ግን ማሽኑ የሚያውቀው ከመረጃ ቋት ጋር አመሳክሮ ነው፤ ስለዚህ ከሦስተኛው መንገድ ጋር ሲጣመር ነው የሚያምረው። በተጨማሪም ትል ከሞተ ውስጡ ይፈስሳል፤ የሞተውን ካልለቀማችሁ የሆዱን ሁሉ "ያመነጨው ነው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

አምስተኛ፦ ከስራው መነሳት

ይሄን የሚመርጥ ተማሪ አላየሁም። ያሳዝነኛል። ዛይሞግራም ይባላል። ጄሉን ስትሰሩ 0.1 በመቶ ጀላቲን ትጨምሩበታላችሁ። ናሙናውን ሳታፈሉ ትጭናላችሁ፤ ካፈላችሁት ኢንዛይሙ ሞተ። ሲጨርስ በትራይተን ታጥቡታላችሁ፣ ሌሊቱን 37 ዲግሪ ላይ ታሳድሩታላችሁ፣ ጠዋት በኩማሲ ሰማያዊ ትቀቡታላችሁ። ጄሉ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኢንዛይሙ ጀላቲኑን የበላበት ቦታ ብቻ ነጭ መስመር ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያውን ነጭ መስመር ስታዩ ያ ትል በእርግጥ ፕሮቲን እንደሚቆርጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ቀጥሎ ጄሉን በቁመቱ ትቆራርጡና እያንዳንዱን ቁራጭ ከተለያየ አጋጅ፣ ማለትም አንድ ዓይነት ኢንዛይም ከሚያግድ ኬሚካል፣ ጋር ታሳድራላችሁ። በኢ-64 መስመሩ ከጠፋ ሲስቲን ፕሮቲኤዝ ነው። በፒኤምኤስኤፍ ከጠፋ ሴሪን። በፔፕስታቲን ከሆነ አስፓርቲክ፣ በኢዲቲኤ ከሆነ እንደ ዚንክ ያለ ሜታል የሚፈልግ ነው። አንድም ፊደል ሳታነቡ ቤተሰቡን አወቃችሁ! ጂኑን አይነግራችሁም፣ እሱ እውነት ነው። ሲስቲን ፕሮቲኤዝ ከሆነ ግን የትኛውን ፕራይመር እንደምትነድፉ ይነግራችኋል።

ሰንጠረዡ

| መንገድ | አዲስ ነገር የማግኘት አቅም | ስለ ስራው ማስረጃ | ወጪ | ናሙና | መብራትና ኮምፒውተር |
|---|---|---|---|---|---|
| መረጃ ቋት መቆፈር | ዝቅተኛ | የለም | ከሞላ ጎደል ነጻ | አያስፈልግም | ኢንተርኔት ብቻ |
| ዲጀነሬት ፒሲአርና ሳንገር | በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ጥሩ | ደካማ | መካከለኛ | ዲኤንኤም አርኤንኤም ይሆናል | ፒሲአር ሲሰራ መብራት እንዳይሄድ |
| አርኤንኤ ማስነበብ | ከሁሉም ከፍ ያለ | ደካማ | ከፍተኛ | በጣም ጥንቁቅ | ትልቅ ሰርቨር |
| ማስ ስፔክትሮሜትሪ | መካከለኛ | መኖሩን ብቻ | ከፍተኛ | በሕይወት ያለ ትል | ማሽኑ ሌላ ቦታ |
| ዛይሞግራም | መካከለኛ | ጠንካራ | ዝቅተኛ | በሕይወት ያለ ትል፣ ያልፈላ ፕሮቲን | ሌሊት የማይጠፋ ኢንኩቤተር |

ሰንጠረዡ ላይ ያልገባ ስድስተኛ መንገድ አለ፤ ማዳቀል። ኦክሳምኒኩይን የሚባለው የቢልሃርዚያ መድኃኒት ለምን አንዳንድ ትሎችን እንደማይገድል የታወቀው በዚህ ነው። መድኃኒቱን የተቋቋመውንና ያልተቋቋመውን ትል አዳቅለው የልጅ ልጆቹን ጂን ሲከታተሉ፣ በ2013 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሰልፎትራንስፌሬዝ ላይ ደረሱ። መድኃኒቱን ወደ መርዝነት የሚቀይረው የትሉ የራሱ ኢንዛይም ነበር፤ ኢንዛይሙ የተበላሸበት ትል ይተርፋል። እኔ ካነበብኳቸው ሁሉ ያቺን የመሰለ ቆንጆ ስራ የለም። ግን አይጥ ቤት፣ ቀንድ አውጣ ቤትና ዓመታት ይፈልጋል።

እንግዲህ ማን ምን ይምረጥ?

አንድ ዓመትና ቀጭን በጀት ያለው የማስተርስ ተማሪ፦ ከዛይሞግራም ጀምር። ቤተሰቡን ካወቅህ በኋላ መረጃ ቋት ውስጥ ግባ፣ ከዚያ ፕራይመር ነድፈህ ከባህር ዳር ቄራ ትል ጂኑን አውጣ። ሦስቱ ተደምረው ከአንድ ትልቅ ሲኮንሲንግ ዋጋ በታች ናቸው፣ ቴሲስህን በምትከላከልበት ቀን ደግሞ "ስራውን አሳየኝ" ለሚል ፈታኝ ነጭ መስመሩን ታሳየዋለህ።

የዶክትሬት ተማሪና ውጭ አገር አጋር ያላት፦ አርኤንኤውን አስነብቢ፣ ከተቻለ አዋቂውንም ከሜታሰርካሪያ፣ ከብቱ ከሳር ጋር ከሚበላው እጭ፣ የወጣውን ጨቅላ ትልም ለየብቻ። ጉበት የሚበሳው ጨቅላው ነው፤ የሚጠቀምባቸው ካቴፕሲኖችም ከአዋቂው ይለያሉ። የፈቃዱን ጉዳይ ግን ዛሬ ጀምሪ። የበጀትሽን ጥሩ ድርሻ ደግሞ ለማረጋገጫው አስቀሪ፤ ጂኑን ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ አስገብቶ ኢንዛይሙን ማሰራት፣ ወይም በአርኤንኤአይ ጂኑን ዝም አሰኝቶ ትሉ ምን እንደሚሆን ማየት። በሺስቶሶማ ላይ ከ2,000 በላይ ጂን በዚህ ዘዴ ተፈትሿል፤ ወረቀቱ የወጣው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ክትባት ወይም የምርመራ ዘዴ የሚያስብ የእንስሳት ሐኪም፦ ትሉ ወደ ውጭ የሚያመነጨው ነው የሚጠቅምህ፤ ማስ ስፔክትሮሜትሪው ለአንተ ነው። ጂኖሙ ላይ ያለው ሁሉ የከብቱን ደም አያገኘውም።

ለላቦራቶሪ ዕቃ የሚገዛ ኃላፊ፦ ሲኮንሰር ከመግዛትዎ በፊት ለፍሪዘሩ ባትሪና ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ይመድቡ። አውቃለሁ፣ ሪፖርት ላይ አያምርም።

ላፕቶፕ ብቻ ያለው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ዛሬ ማታ ዎርምቤዝ ፓራሳይት ላይ ይግባና አንድ ካቴፕሲን ይፈልግ። ከዚያ ቄራ መሄድ ሲፈልግ ይደውልልኝ። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው የምንደርሰው፣ ጓንትና ቴርሞስ ይዞ ይምጣ።